ሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲም

በሱ ፎልስ ከተማ፣ ሳውዝ ዳኮታ፣
መስኮት በሌለው ፎቅ፣ ከረፋድ እስከ ማታ
ጆሮዬን አከራይቼ እኖራለሁ፤
ባለ ካርድ ሲደውል ሕጉን አነባለሁ።

ሕጉ አጭር ነው። ካወጣችሁት ዶላር
ከመቶው አንድ፣ ለቤንዚን ሦስት፣ ይመለሳል ቢውል ቢያድር።
ምራቂ በሉት፤ ነጋዴ ሰፍሮ ሲያበቃ
ከላይ ጣል ያደርጋል፣ ገዢው ነገም እንዲመጣ በቃ።
የእኛ ምራቂ ግን እጅ አይገባም እዚያው በዚያው፤
ስክሪን ላይ ይጠራቀማል፣ ሃያ አምስት እስኪሞላው።
ሲሞላ ወይ ከዕዳ ይቀነሳል፣ ወይ ባንክ ይገባል፣
ወይ ቼክ ሆኖ በፖስታ፣ በአሥር ቀን ይደርሳል።
ካልሞላ አይከፈልም።
ሂሳቡ ከተዘጋ ለማንም አይተርፍም።

ኅዳር ላይ ከዱሉዝ ደወለች አንዲት አሮጊት፤
ከኋላዋ የሐይቁ ነፋስ፣ የሚንኳኳ መስኮት።
"ኢርማ ሊንድክዊስት ነኝ" አለች። "ኦርቪል በጥቅምት ሞተ።
ካርዱን ልዝጋ። ያ ምራቂው ግን የት ተከተተ?"

አየሁት። ሃያ አራት ዶላር ከስድሳ አንድ ሳንቲም።
"ወይዘሮ ሊንድክዊስት፣ ሠላሳ ዘጠኝ ሳንቲም ጎድሎታል፤ አይከፈልም።"
"እንግዲያው ዛሬ ዳቦ ልግዛበትና ይሙላ!"
"በሟች ካርድ አይገዛም" አልኩ። ሕጉ ይህን አይላላም፣ አያላላ።

ዝም አለች። እኛ ዘንድ ዝምታም በሰከንድ ይቆጠራል፤
ከስድስት ደቂቃ ካለፍን አለቃችን ፕሩዊት ቀይ መብራት ያበራል።

"እስቲ አንብቢልኝ" አለች፣ "ከየት ከየት እንደተለቀመ፤
ሳንቲም በሳንቲም፣ ከጥር ወዲህ የተጠራቀመ።"

አነበብኩ። ቤንዚን፣ አንድ ዶላር ከሃያ።
የዓሣ ማጥመጃ ትል፣ ስምንት ሳንቲም። (ሳቀች።)
ምስማር ቤት፣ አምስት። እንደገና ቤንዚን።
መድኃኒት ቤት፣ አሥራ ሁለት።
"ሃልቨርሰን የፒያኖ ትምህርት፣ የካቲት፣ ዐርባ ሳንቲም።
መጋቢት፣ ዐርባ። ሚያዝያ፣ ዐርባ ሳንቲም።"
"ተሳስተሻል ልጄ፤ እኛ ቤት ፒያኖ የለም።"

ቀዩ መብራት በራ። አላቋረጥኳትም።
"እስከ መስከረም ነው" አልኩ፣ "አንድም ወር አልዘለለም።"

መስኮቱ ተንኳኳ። ከዚያ ቀስ ብላ፦
"እራት ላይ ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታ ነበር፣ ምግቡን ሳይበላ።
ግራ እጁ እየዘገየ፣ ቀኙ እየቀደመ፤
'ተው፣ ራሴን!' ስለው ከጠረጴዛው ሥር፣ ጭኑ ላይ፣ እየደጋገመ።
የእጅ መንቀጥቀጥ መስሎኝ ለሐኪም ተናገርኩበት።
ሐኪሙ ክኒን ጻፈለት።
መድኃኒት ቤት ያልሽኝ እሱ ነው። ዋጠው።
ስምንት ወር ሙሉ ዋጠው፣ ምስጢሩን ከሚያወጣው።"

ለዚህ የሚሆን መልስ ከፊቴ ባለው ወረቀት የለም።
"ሌላ የምንረዳዎት ነገር አለ?" ይላል ወረቀቱ። ዋጥኩት እኔም።

እርሳስ ወረቀት ሲጭር ሰማሁ።
"አንድ ትምህርት ዐርባ ሳንቲም ካመጣ" አለች፣
"የጎደለው ሠላሳ ዘጠኝ ከሆነ..."
"አዎ" አልኩ።
"አንድ ትምህርት ነው የቀረው።"
"አንድ። አንዲት ሳንቲምም ትተርፈው ነበር።"
"ትተርፈው ነበር" አለች፤ እንደ ሂሳብ አስተማሪ፣ ልክ ነው እንደሚል።

ከዚያ፦ "ካርዱን ዝጊው።
የዚያን የሃልቨርሰንን ስልክ ግን ስጪኝ፤ ጽፎት ይሆናል ወረቀታችሁ።"
ጽፎት ነበር። ይሄን የሚከለክል ሕግ አላገኘሁም፤ አልፈለግሁምም።
ቁጥር በቁጥር ነገርኳት፣ ቁጥር በቁጥር መለሰችልኝ፤
ሰባቱን እንደ አንድ ሰምታው ስለነበር አረምኩላት።

ሃያ ሁለት ደቂቃ። ፕሩዊት ወንበሬ አጠገብ ቆሟል።
ቁልፉን ተጫንኩ። ሃያ አራት ከስድሳ አንድ
ዜሮ ሆነ፤
ቀጣዩ ሰው መስመር ላይ ነበር፣
ቼኬ አልደረሰኝም ይላል።